የፍቅረማርያም ወገብ

ፍቅረማርያም የካ ሚካኤል አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ አርባን የተሻገረ ሰው ነው። ቦርጩ ቀበቶውን ሲያስጨንቀው፣ ሲፈን የምትባል ወጣት አሠልጣኝ ከምትመራው የመሰናክል ሩጫ ቡድን ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ በባሕር ዛፉ መሐል ዳገቱን በሙሉ ፍጥነት ሮጦ መውጣት፣ ግንድ መዝለል፣ ገመድ ላይ መንጠልጠል ነው ሥራቸው። መጀመሪያ ያስመልሰው የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ሱስ ሆነበት።

በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ጽዋ ማኅበር፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው አቋራጭ ላይ ለአዛውንቶች ማረፊያ መሥራት ጀመረ። መኪና ስለማይገባ አሸዋውን አባላቱ ተሸክመው ያወጡታል። ቀኑም ቅዳሜ፣ የልምምዱ ቀን ሆነ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ወልደ ሐዋርያት ስሙን ሲጠሩ ፍቅረማርያም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ተነሣ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ ወገቤን አሞኛል። ከባድ ነገር እንዳላነሣ ሐኪም ከልክሎኛል።"

ሳያስበው ነው ከአፉ የወጣው። ባላቸውን በዚሁ ሕመም አልጋ ላይ አስታመው የቀበሩት ጎረቤቱ እማማ ደብሪቱ፣ "እኔን ልጄ! በዚህ ዕድሜህ!" ብለው እንባ አቀረሩ።

ከሳምንታት በኋላ ሲፈን የልምምዱን መንገድ ለወጠች። "ዛሬ በማርያም በኩል ነው" አለችና ለእያንዳንዱ አሸዋ የሞላ ከረጢት አሸከመች። ፍቅረማርያም ልቡ ቢፈራም፣ ማኅበርተኞቹ ሳይመጡ እናልፋለን ብሎ ራሱን አታለለ። ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጭኖ ሽቅብ ሲበር መታጠፊያው ላይ ከማኅበርተኞቹ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። እማማ ደብሪቱ በትንሽ ባልዲ አሸዋ ይዘው ድንጋይ ላይ አረፍ ብለዋል።

"ካም ኦን ፍቄ! እንዳትቆም!" ሲፈን ከላይ ጮኸች። እግሩ ግን መሬት ላይ ተተከለ።

አሮጊቷ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "እልልል! ዳነ! እመቤቴ ሰማችኝ!" እያሉ ወገቡን ዳበሱት። "ጧፍ ተስዬልህ ነበርኮ!"

ሴቶቹ እልልታውን ተቀበሏቸው። አቶ ወልደ ሐዋርያት ግን ከረጢቱን አዩ፣ የተጣበቀ ሱሪውን አዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ቡድኑን ትቶ እስከ ቀትር አሸዋ አመላለሰ። ባለፈ ቁጥር "እግዜር ጤናህን ይጠብቅልህ" ሲሉት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ሲወርዱ የእማማን ባልዲ ተቀብሎ አብሯቸው ሄደ።

"እማማ፣ ውሸቴን ነው። ወገቤን አሞኝ አያውቅም።"

ቆሙ። "እና እኔ ሌሊት እየተነሣሁ የሰገድኩት..." አሉና ሳይጨርሱት ተዉት።

"ጧፉን እኔ ልግዛው። ወይም ይቅር" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"ተው እንጂ! አንተ ዋሸኸኝ እንጂ እመቤቴ መች ዋሸችኝ? የተሳልኩትን አስገባለሁ።" ባልዲያቸውን ተቀብለው ብቻቸውን ወረዱ።

ከዚያ ወዲያ ማረፊያው እስኪያልቅ አንድም ቅዳሜ አልቀረም። ሲፈን ስትደውል "ሥራ በዝቶብኝ" ይላታል፤ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ዳግም መዋሸቱ ትዝ ሲለው ብቻውን ፊቱ ይቀላል። ቡድኑ ሲዘጋጅለት የነበረው የውድድር ቀንም እሱ ሳይሮጥ አለፈ።

በማርያም ዕለት እማማ ደብሪቱ ጧፋቸውን ይዘው ወጡ። ለማን እንደተሳሉት ለማንም አልተናገሩም። ፍቅረማርያም ነጠላውን እስከ ዓይኑ ስቦ ከግንቡ ጥግ አያቸው። ሲመለሱ ሰላምታ ሰጡት፣ እንደማንኛውም ጎረቤት። ድሮ ግን "ልጄ" ይሉት ነበር።