የከይሪያ አምቡላንስ

ከይሪያ ስትነዳ ያዩ ወንዶች ጥሩምባ ይነፉባት ነበር፤ እሷም መልሳ ትነፋባቸዋለች። ከኮምቦልቻ ዱቄት ጭና፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ በአይሱዙ ወጥታ ደሴ የምታራግፍ ሌላ ሴት አላውቅም። ደሴ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ ናት። እኔ ሸዋረጋ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ የመኪና መሪ ጨብጬ አላውቅም።

ከሚሌኒየሙ በፊት በነበረው ዓመት አንድ የአዲስ አበባ ማኅበር የሴቶች የመኪና ውድድር በአፋር በረሃ አዘጋጀ። ገቢው ለበጎ አድራጎት ነው። ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይወዳደራሉ፤ ዳር ለደረሱት ደግሞ ለመረጡት ገጠር አምቡላንስ ይሰጣል ተባለ። ከይሪያ ወሬውን ሰምታ ቤቴ መጣች።

«ሸዋዬ፣ አንቺ ካርታ ታነቢያለሽ፣ እኔ እነዳለሁ» አለችኝ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ታላቅ እህቷ ዙበይዳ ከባቲ መንገድ በላይ ባለው መንደራቸው ምጥ ጠንቶባት፣ በቃሬዛ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ መንገድ ላይ ቀርታለች። ከይሪያም መንደር ድረስ ወጥታ «ኢንሻአላህ አምቡላንስ አመጣላችኋለሁ» አለቻቸው። የመንደሩ ሰውም አመናት።

ማኅበሩ ስሙ በጎኑ የተለጠፈበት ነጭ ላንድክሩዘር ለልምምድ ሰጠን። ቅዳሜ ቅዳሜ በመንደሩ ግርጌ አልፈን ከባቲ ወዲያ እንወርዳለን። የመጀመሪያ ቀን ለሐረጎ ቁልቁለት እንደለመደችው ጎማውን ድንጋይ እስኪመስል አስነፍታ መጣች። መኪናውን አሸዋው እስከ ሆዱ ዋጠው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ እስኪስቅብንና ጎማውን አስተንፍሱት እስኪለን ድረስ በአካፋ ስንጠርግ ዋልን። እኔም ከሷ የተሻልኩ አልነበርኩም። «ያንቺ ግራ ሁልጊዜ የሚመጣው ካለፍነው በኋላ ነው» ትለኝ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ገባን። ከይሪያ አሸዋውን እንደ ሰፈሯ መንገድ ትነዳው ጀመር፤ ዳር እንደምንደርስ እኔም አመንኩ።

አንድ ቅዳሜ ስንመለስ የመንደሩን የቅሬ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው አስፋልቱ ላይ አገኘናቸው። በኛ አገር ቅሬ፣ ማለት እድሩ፣ ሬሳ ብቻ አይደለም የሚሸከመው፤ የታመመውንም ሐኪም ቤት ያደርሳል። ቃሬዛ አይቶ ትከሻውን የነፈገ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ቃሬዛው ላይ ያለችው ሐዋ ነበረች፤ ምጥ ካፋፋማት ቆይቷል። ባሏ ጀማሉዲን ላብ አጥምቆታል።

የማኅበሩ ደንብ ከሁለታችን በቀር ሰው አይጫንም ይላል። አስታወስኳት።

«ወላሂ ሸዋዬ፣ ይቺን ጥዬ ባልፍ ነገ እኔን የሚቀብረኝ አላገኝም» አለችና የኋላውን በር ከፈተች።

ሐዋ ኮምቦልቻ ደርሳ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ሰኞ የማኅበሩ ተወካይ ፋሲካ መኪናውን ልትፈትሽ መጣች። ወንበሩ ላይ የቀረውን የደም ምልክት አየች። ከይሪያ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት።

«እህቴ፣ የምንወዳደረው ለአምቡላንስ አይደለም እንዴ?»

«ደንብ ደንብ ነው» አለች ፋሲካ። «መኪናው የስፖንሰር ነው። በእናንተ ምክንያት ነገ ሌላ መኪና አይሰጡንም።»

ቁልፉን ተቀበለችን። በቦታችን ሁለት የአዲስ አበባ ሴቶች ገቡ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ለእናቶች ብለው በረሃ ለበረሃ ሊሮጡ የተነሱ ሰዎች፣ አንዲት እናት መኪናቸው ላይ ብትደማ ተጠየፏት።

መንደሩ ይህን አላወቀም። ሐዋን የወሰደውን ነጭ መኪና አይተው «አምቡላንሳችን መጣ» ብለው ዱዓ ማድረጋቸውን የሐዋ ዘመዶች ሆጤ ድረስ መጥተው ነገሩን። ከይሪያ ይህን ስትሰማ ይብስ አፈረች። «ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?» አለችኝ። ወጥቼ እነግራቸዋለሁ ብላ ተነሳች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ዛሬ ነገ ስትል ሁለት ቅዳሜ አለፈ።

ከዚያ የፈትሂያን ሞት ሰማን። ከዚያው መንደር ናት፤ ገና የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ለቅሶ ለመድረስ አብረን ወጣን። ጀማሉዲን ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ አስቀመጠንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራን።

«ምጧ ሲጠና ቅሬው ቶሎ አወረዳት። ቀኑም ቅዳሜ ነበር፤ አምቡላንሱ ቅዳሜ ያልፋል ብለን መንገዱ ዳር ዛፍ ጥላ ስር አሳረፍናት። ነጩን መኪና ስንጠብቅ እዚያው አለፈች።» ወደ ከይሪያ ዞረ። «ምን አግኝቶሽ ቀረሽ?»

ከይሪያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ነገርኩት፤ መኪናው አምቡላንስ እንዳልነበረ፣ ሐዋን ስለጫንን እንደተወሰደብን፣ ሌላም እንደማይመጣ።

ጀማሉዲን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ብትነግሪን እኮ ኮምቦልቻ የሚያደርሳት እግር ነበረን» አላት።