ገመዱ ሲነቀል

ብሮንዊን ፓስክ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ በአውስትራሊያ፣ በዊመራ የስንዴ አገር እየዞረች የእሳት ማስጠንቀቂያ ሳይረኖችን ትጠግናለች። ቁጡ ናት ይሏታል። ልክ ናቸው፤ ግን ማን እንዳስቆጣት የሚጠይቅ የለም።

በዋራክ መንደር የውሃ ማማ ላይ የተሰቀለው አዲስ የሳይረን ሳጥን ሊኑክስ በተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ ትንሽ ቦርድ አለው። ከመጣ ጀምሮ በሬዲዮ የሚላክለትን የእሳት ጥሪ አይሰማም። ሜልቦርን ላሉት ባለሙያዎች በደወለች ቁጥር የላፕቶፗን ገመድ ሳጥኑ ላይ ሰክታ እንድታይላቸው ይነግሯታል። ስትሰካው ደግሞ ደህና ይሆናል። እኛ ጋ ይሠራል ይሏታል፣ እየሳቁባት። ሰባት ጊዜ! ባለፈው ሳምንት ገለባ ሲነድ ሳይረኑ ጭጭ አለ፤ የሽማግሌው ገበሬ የአልቢ ዳንስተር መጋዘንና አርባ በጎቹ አመድ ሆኑ። ገበሬው ሁሉ ዓይኑን ያፈጠጠው እሷ ላይ ነው።

ቦርዱን ያዋቀረው ኪራን ራሱ ካልመጣ ሳጥኑን በመጥረቢያ እንደምታወርደው ለሜልቦርኖቹ ነገረቻቸው። መጣ። ገመዱን ሰካ፤ ሳጥኑ ሠራ፤ ፈገግ አለ። ብሮንዊን እጇን ሰድዳ ገመዱን መነጨቀችው። የሳጥኑ ሬዲዮ መብራት እዚያው ድርግም ብሎ ጠፋ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እየተንተባተበ አስረዳት። ሊኑክስ ተነስቶ ሲያበቃ ፈላጊ የላቸውም ብሎ የገመታቸውን፣ ለየክፍሉ ኃይል የሚያድሉትን የቮልቴጅ መቆጣጠሪያዎች ያጠፋል። ሬዲዮውን ለሚመግበው መቆጣጠሪያ «ሁልጊዜ ይብራ» የሚል አልተጻፈለትም። ገመዱ ሲሰካ ግን ከላፕቶፑ ጭላጭ ኃይል እየሾለከ ሬዲዮውን ያቆየዋል። እነሱ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ገመዱ ተነቅሎ አያውቅም።

«ሁለት ቃል ነው የጎደለው» አለና ጻፈው። ገመዱን ነቅለው ሲሞክሩት ሳይረኑ አገሩን አናጋው። ኪራን ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «ታዲያ ቀደም ብለሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት?» አላት።

ደሟ ፈላ። መኪና ውስጥ ግባ አለችው። ወደ ባቡር ጣቢያ የምትወስደው መስሎት ነበር። እሷ ግን አልቢ ግቢ ወስዳ አወረደችው። ሽማግሌው የተጣመመ ቆርቆሮ ከአመዱ ውስጥ እየጎተተ ነበር።

«አልቢ፣ ይሄ ሳጥኑን የሠራው ሰውዬ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ኪራን ዞረች። «በል፣ ስንት ቃል እንደጎደለ ንገረው።»

አልቢ ቆርቆሮውን መሬት ጣል አድርጎ ሊሰማ ቆመ።

«ሁለት» አለ ኪራን አቀርቅሮ።

«ቀና በል። እያየኸው ንገረው።»