ድስት በድስት ውስጥ

የአዲሱ ቤታችን ወጥ ቤት ሁለት ሰው አያዞርም። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። አባቴ ከሞተ በኋላ የድሮውን ግቢ ኪራይ መቻል ሲያቅተን የገባንበት ነው፤ እዚሁ ጅግጅጋ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ከማጠቢያው ግራና ቀኝ የታች ካቢኔት አለው፣ ከጎኑ ደግሞ መሳቢያዎች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዕቃው ግን የትልቅ ቤት ዕቃ ነበር። አባቴ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ስለነበር ባዶ እጁን አይገባም። አንዴ ፔርሙዝ፣ አንዴ የብርጭቆ ካርቶን፣ አንዴ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሳህን። እናቴ ሁሉንም ለእንግዳ ብላ ታስቀምጣለች። እንግዳው ሳይመጣ ቤቱ ጠበበ።

እኔ ቦታ ሲባክን አልወድም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ቁጭ ያልኩበት ጊዜ ነበር፤ እጄ ሥራ ካልያዘ ደግሞ ከሰው እጣላለሁ። በየቀኑ ያንን ካቢኔት ስከፍት ክዳን እግሬ ላይ ይወድቃል። አንድ ጭልፋ ለማውጣት ሦስት ድስት ማውጣት ነው። እናቴን ስነግራት "ቀስ ብለሽ ክፈቺያ" ትለኛለች።

ከሁሉ የሚብሰው የኤዶ ድስት ነበር። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ በድሮው ግቢ በግድግዳ የምንዋሰናትን ጎረቤታችንን ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራት እንደዚያ ነው። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እሷ ሙስሊም። እዚህ አገር ይህ ለወጥ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፦ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፣ ሥጋ የነካው ዕቃም አይቀላቀልም። ደህና ጎረቤት ያለው ሰው ለጎረቤቱ የሚሆን ዕቃ ለብቻ ያስቀምጣል።

ያቺ ድስት ግን ከዚህም ትለያለች። ከተማው በተረበሸበት በሐምሌ መጨረሻ ኤዶ መጥታ በራችንን ደብድባ ሦስታችንንም ወደ ቤቷ አስገባችን። እዚያ እያለን ፍልሰታ ገባ። እናቴ ጾሙን ለማንም አልተናገረችም፤ የሰው ቤት ተጠግቶ ይህን አልበላም ማለት ከብዷት ዝም ብላ ሻይ ትጠጣ ነበር። ኤዶ ግን ገባት። ሱቅ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ወጥታ አዲስ ድስት ገዛች፤ ሥጋም ቅቤም ያልነካው። ሩዝ በዘይትና በድንች እየሠራች በዚያ አበላችን። ወደ ቤታችን ስንመለስ ድስቷን ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ የኤዶ አደረገቻት። ኤዶ እኛ ቤት ስትበላ ብቻ ትወጣለች፣ ታጥባ ትመለሳለች፣ ለብቻዋ ትቀመጣለች። ትልቅ ናት። የቀኙን ካቢኔት ግማሽ ይዛ ቁጭ ብላለች፣ ውስጧ አየር ብቻ።

ኤዶ እግሯን ሲያማት ቶጎጫሌ ልጇ ጋ ሄዳ መኖር ጀመረች። አባቴ ሲሞት መቆም አልቻለችም ነበርና ለቀብር አልደረሰችም። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ግን ደወለች። "እመጣለሁ፤ ቤትሽን አያለሁ፤ እበላለሁ" አለቻት እናቴን። እናቴ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ድስት ስታስብ ነበር የከረመችው።

በዕለቱ ጠዋት እናቴ የፍየል ሥጋ ልትገዛ ወደ ሶማሊ ሻጮቹ ሄደች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ኤዶ ገብታ ይህን ዝብርቅርቅ ከምታይ ላስተካክለው ብዬ ሁሉንም ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት።

የአባቴን ሜትር ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥቼ የካቢኔቶቹን ጥልቀት ለካሁ። ጥልቅ ናቸው፤ ችግራቸውም እሱ ነው፤ ኋላ የገባ ዕቃ ተረስቶ ይቀራል። የብርጭቆ ካርቶኖቹን ወደ ኋላ፣ የየቀኑን ወደ ፊት አደረግሁ። የማንጠቀምበትን የሳህን ማድረቂያ ካቢኔቱ ውስጥ አስገብቼ ክዳኖቹን በመካከሉ አቆምኳቸው፤ ተኝተው የነበሩት ክዳኖች ቆመው አንድ ጥግ ያዙ። የላይኛውን መሳቢያ በዱቄት ወተት ካርቶን ከፋፈልኩት፤ ማንኪያ ለብቻ፣ ቢላዋ ለብቻ። ቅመሙን በጠርሙስ አድርጌ መካከለኛው ውስጥ ደረደርኩ። መሳቢያ ሲከፈት የሚታየው ክዳን ብቻ ስለሆነ ስማቸውን ክዳኑ ላይ ጻፍኩ። የታችኛው ሰፊ መሳቢያ ውስጥ የአባቴ ቡት ጫማና ጃኬት ነበሩ። እነሱን አልነካኋቸውም። እኔም ወሰን አለኝ።

ከዚያ ድስቶቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ ከተትኩ። ትንሹ መካከለኛው ውስጥ፣ መካከለኛው ትልቁ ውስጥ፣ ትልቁ በኤዶ ድስት ውስጥ። ልክክ አሉ። የቀኙ ካቢኔት ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆነ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ባዶውን ቦታ ሳየው ደስ አለኝ።

እናቴ ስትመለስ ሥጋውን ማጠቢያው ላይ አስቀምጣ ካቢኔቱን ከፈተች። እጇ እጀታው ላይ ቀረ።

"ይሄን ማን ነው ያደረገው?"

"እኔ ነኛ፣ ማን ይሁን። እይው እስኪ፣ ግማሹ ተረፈ።"

"የኤዶ ድስት ውስጥ ምን ከተትሽ?"

"ድስት ነዋ። የታጠበ ነው።"

"ትናንት ሥጋ የሠራንበትን?"

"ታጥቧል አልኩሽ እኮ፣ እማ።"

አጎንብሳ አወጣችው። አንዱን ከአንዱ አላቀቀች። የትልቁ ድስት ቂጥ ላይ በደንብ ያልለቀቀ ስብ ነበር፤ የኤዶ ድስት ወለል ላይ ክብ ቀለበት ትቶ ነበር። በጣቷ ነካችው።

"እጠቢውና ሥሪ። ማን ይነግራታል?" አልኳት።

"እሷ በኔ እጅ ነው የምትበላው" አለች። "አንድ ቀን ድስቱን ፈትሻ አታውቅም።"

"አዲስ የምንገዛበት ብር የለንም፤ ከሙስሊም ጎረቤት ድስት እንዋስ" አልኳት። ገና የገባን ነንና አንድም በር አንኳኩተን አናውቅም። ይህን እየተባባልን ስልኩ ጮኸ፤ ኤዶ መናኸሪያ ደርሳለች።

በባጃጅ አመጣኋት። ከስታለች። ምርኩዝ ይዛለች፤ በሌላ እጇ የስኳርና የሻይ ፌስታል። መንገዱን ሁሉ ስትነካካኝ መጣች። "ባል የለም አሁንም?"

"የለም።"

"ይኼ አፍሽ ነው ያባረራቸው። ወላሂ፣ እኔ ወንድ ብሆን እኔም እሮጣለሁ።"

"በዚህ እግርሽ፣ ኤዶ?"

ባጃጁን እስኪያናውጠው ሳቀች።

እቤት ስትገባ እናቴን አቅፋ አለቀሰች፤ ለአባቴ፣ ያን ጊዜ ላላለቀሰችው። ከዚያ ተቀምጣ ዓይኗን ጠረገች። "እሺ፣ አባዮ፣ ምን ትሰጪኛለሽ?" አለች። አባዮ እህቴ ማለት ነው።

እናቴ አልተቀመጠችም። ቆማ ነገረቻት። "ድስትሽ ተቀላቅሏል። ዛሬ ጠዋት። የኛ ሥጋ የነካው ገብቶበታል። ልሠራልሽ አልችልም።" ልጄ ናት ያደረገችው አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ኤዶ አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ ወጥ ቤቱን። ከተቀመጠችበት ሙሉው ይታያል፤ ጠባብ ነው።

"ሀዬ" አለች ቀስ ብላ፤ እሺ ማለቷ ነው። "ድስት ነው እኮ።"

እኔ ከሶማሊ ምግብ ቤት ሩዝ በሥጋ እንዳመጣ ተላክሁ። ኤዶ ሩዙን በመጣበት ዕቃ፣ እናቴ ፊት በላች። እናቴ ከፊት ለፊቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ስንቱን ቀን ያበላቻት ሴት በሙት ዓመት ቀን፣ በገዛ ቤቷ፣ የሰው ምግብ ስትበላ ታያለች። ኤዶ "ጨው በዝቶበታል፤ ያንቺ ይሻል ነበር" አለች። ልታስቃት ነበር። እናቴ አልሳቀችም።

ስትነሳ ጥሬውን ሥጋ በፌስታል ጠየቀች። "የኛ ሰው ያረደው ነው፣ ለልጄ ቤት ይሆናል፤ ለምን ይበላሻል?" ሰጠናት። በሩ ላይ ቆማ ደግሞ እንዲህ አለች፦ "ድስቱን ተጠቀሙበት። ቤታችሁ ጠባብ ነው። እኔስ ከእንግዲህ ስንቴ እመጣለሁ? ለኔ ብለሽ ቦታ አትያዢ፣ አባዮ።"

በደግነት ነው ያለችው። እናቴን ግን ሳያት፣ አባቴ የሞተ ቀን የነበራት ፊት ነበር።

ኤዶን ሸኝቼ ስመለስ እናቴ ወጥ ቤት ቆማለች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ "ክዳኖቹን ጥሩ አድርገሻቸዋል" አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ልዋጭ የሚለው ሰውዬ በበራችን አለፈ። አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ በምትኩ የቤት ዕቃ የሚሰጥ ነው። እናቴ ጠራችው። የታችኛውን መሳቢያ ከፈተች። ጃኬቱን አወጣች፤ ኪሶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፤ ምንም አልነበረም። ቡቱንም አወጣች። ሰውዬው ጫማውን ገልብጦ እያየ ሶሉ አልቋል ብሎ አንድ ሳፋ ሊሰጣት ነበር። "ሳፋ አልፈልግም፤ ድስት ነው የምፈልገው። ያልተነካ" አለችው። ተከራከሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። በመጨረሻ ላስቲኩ ያልተቀደደ ድስት ይዛ ገባች። ካለፈው ያንሳል፤ የሁለት ሰው ነው።

"የት ላስቀምጠው?" አለችኝ። እኔን መጠየቋ ነው።

የአባቴን ሜትር አምጥቼ የታችኛውን መሳቢያ ለካሁ። ከነክዳኑ ይገባል። ስንከፍተውና ስንዘጋው እንዳይንኳኳ ከሥሩ ጨርቅ አነጠፍኩለት። ድስቱ ገብቶም ከጎኑ ባዶ ቦታ ተረፈ፤ ማንም ቢጠይቀኝ እዚያ ጭልፋዎቹ ይገቡ ነበር። አላስገባሁም።

የድሮዋ ድስት አሁን የኛ ናት። ሌሎቹን ውስጧ ይዛ የቀኙ ካቢኔት ውስጥ ተቀምጣለች፤ ወጥ እንሠራባታለን።

እናቴ ማታ ለኤዶ ደወለች። ድስት ማግኘቷን ነገረቻት፤ በምን እንደለወጠችው አልነገረቻትም። ስልኩ ድምፁ ክፍት ስለነበር እሰማለሁ። "እግሬ አልዳነም፣ አባዮ" አለች ኤዶ።

"አውቃለሁ" አለች እናቴ።

"እና ለምን?"

"ቦታ አለኝ" አለቻት።

ድስቱ እስከ ዛሬ እሳት አላየም። እናቴ በየሳምንቱ አውጥታ አቧራውን ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ትመልሳለች። ወጥ ቤቱ አሁንም ሁለት ሰው አያዞርም፤ እሷ ያን ስታደርግ እኔ እወጣለሁ።