ከደንቡ የወጡት ዘጠኝ ኮምፒውተሮች

የውኃ መሥመር ፕላን በሚሠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «እሜቴ ቅጂ» ነበር የሚሏት። አርባ አንድ ኮምፒውተሮችን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ስትቀጠር ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ሲያሻው በፍላሽ ይገለብጣል፣ ካላሻው ይተወዋል። እሷ ለሁሉም አንድ ደንብ አወጣች፦ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በየቀኑ በምሳ ሰዓት የፋይሎቹን ቅጂ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ደንቡንም ከወንበሯ ሳትነሳ በአርባ አንዱም ላይ ጫነችው።

ሦስት ወር ሳይሞላ ጺማሙ የንድፍ ክፍል ኃላፊ በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«የኔን ክፍል ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ከዚህ ጣጣሽ አውጪልኝ! በምሳ ሰዓት ይንቀራፈፋሉ።»

«ሰዓቱን ልቀይርልዎ እችላለሁ። ማውጣት ግን አይሆንም፤ ደንቡ የሁሉም ነው።»

«አንቺን ደግሞ ማን ደንብ አውጪ አደረገሽ?»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ደወለላት። «ለሰላም ሲባል አውጪያቸው» አላት። ለሰላም ሲባል! ጥርሷን ነክሳ አወጣቻቸው። አደጋውን ዘርዝራ ለሁለቱም ደብዳቤ ጻፈች፤ መልስ የሰጣት ግን የለም።

ከአራት ወር በኋላ የጋሼ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ሞተ። ጋሼ የንድፍ ክፍሉን ግማሽ ሰው ያስተማሩ አንጋፋ ነዳፊ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ መጡ።

«ልጄ፣ ቅጂው አንቺ ጋ አለ አይደል?»

ሰርቨሩን ከፈተች። የመጨረሻው ቅጂ ዘጠኙ ከመውጣታቸው በፊት የነበረው ነው። የአራት ወር ሥራ የለም። ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

በስብሰባው ላይ ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ። «ቅጂ መያዝ የማን ሥራ ነው? ይቺ ሴትዮ ምን ትሠራለች?»

ደሟ ፈላ። ተነሳች።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው እንግዲህ! እርስዎ 'አውጪ' አሉኝ፣ እሳቸው 'ለሰላም' አሉኝ። እኔም ፈሪ ነበርኩና አወጣሁ። የሽማግሌ ሰው የአራት ወር ልፋት ገደል ከተትን፣ ሦስታችንም! አሁን ደግሞ ማን አጠፋ ብለው ይጠይቁኛል?»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እሺ፣ የሆነው ሆኗል። አሁን ምን ይሻላል?»

«በስልክ ትእዛዝ ከደንቡ የሚወጣ ኮምፒውተር እንዳይኖር። የእርስዎም ጭምር። ይፈርሙ።»

ፈረመ። እሷም ወረደችና ደንቡን መልሳ ጫነች፤ ከኃላፊው ኮምፒውተር ጀመረች። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍበት «ሥራ ላይ ነኝ እኮ!» ብሎ ደወለላት። «ይሥሩ፣ ማን ከለከለዎ?» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ጋሼ የመስክ ማስታወሻቸውን ዘርግተው እንደ አዲስ መንደፍ ጀመሩ። በስድስት ሳምንት የደረሰላቸው ግን ግማሹ ብቻ ነበር።

በስንብታቸው ቀን ኃላፊው ተነሥቶ ስለ ትጋታቸው ብዙ አወራ። «በደረሰው የቴክኒክ ችግር ምክንያት ሥራቸው ሳይጠናቀቅ ቢቀርም...» ሲል፣ ጋሼ ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

«ችግሩ ጺም አለው» አሏት በሹክሹክታ፣ ትከሻቸው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ቆመች።