ጉበቱን የገዛሁት እኔ ነበርኩ

አሞይን ዛር አልያዛትም። የመቀሌ ሰው እስከ ዛሬ እንደያዛት ያወራል፤ እኔ ግን የያዛትን አውቃለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ነው።

አሞይ የምንላት ያሳደገችን የአባታችን እህት ናት። በጣሊያን ዘመን ቤታችን ጥቂት ሥጋ ወይም እንቁላል ሲገኝ ድርሻዋን ሁሉ ለወንድሜ ታጎርስ ነበር፤ ከሲታ ነው ብላ። ጢሙን የሚላጭ ከሲታ! እኔ አፌን ስከፍት «አንተ እጅ አለህ» ትለኛለች። እሷ ለዓመታት ሽሮ ብቻ በላች።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ እግሯ ደነዘዘ፤ ስማችንን ረሳች፤ ግድግዳውን መሳደብ ጀመረች። ጠበል ወሰድናት፤ አልተሻላትም። በኋላ አንድ ሐኪም፣ «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ከቀመሱ ስንት ጊዜያቸው ነው?» ብሎ ጠየቀን። እኔ ወንድሜን አየሁት።

«ቪታሚን የሚሉት ነገር ከምግብ ሲጎድል አእምሮንም ይጎዳል» አለ። «ጉበት አብሏቸው።»

ጉበቱን ከገበያ እየገዛሁ አመጣሁ። እኔ ሳጎርሳት አፏን ትገጥማለች። ወንድሜ፣ «አንተ ወደ ገበያህ ሂድ፣ እኔ ላጉርሳት» ይለኛል፤ ለእሱ ትከፍታለች። ከወራት በኋላ ልቧ ሲመለስ መጀመሪያ የጠራችው እሱን ነው። የእኔን ስም ለማስታወስ ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀባት።

ዘንድሮ አረፈች። ከመሶቡ ዳር፣ በሁለታችን መካከል፣ ቦታዋ ባዶ ነው። ወንድሜ ወደዚያ እያየ መብላት ያቅተዋል፤ በሐዘኑም እቀናበታለሁ።

ለቅሶ ልትደርሱኝ የምታስቡ አንባቢዎቼ፣ «ሁለታችሁንም እኩል ትወዳችሁ ነበር» አትበሉኝ።