አያቴን «አንተ» የምል እኔ ብቻ

ልጅ ሳለሁ፣ ደሃና ወረዳ ውስጥ ባለች መንደራችን፣ አያቴን «አንተ» የምል እኔ ብቻ ነበርኩ። ስድስቱ ልጆቻቸው «እርስዎ» እያሉ፣ ድምፃቸውን ደጅ ላይ ሲሰሙ ወሬ እያቋረጡ ነው ያደጉት። እኔ ቤታቸው የገባሁት በሦስት ዓመቴ፣ እናቴ ለሥራ ቤሩት ስትሄድ ነው። ያኔ አያቴ ስድሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ሴት አያቴም በዚያው ዓመት አርፋ ነበር። ጎረቤቱ «ሽማግሌና ሕፃን፣ ማን ማንን ሊጠብቅ ነው?» ይል ነበር አሉ።

አያቴ ማንንም አልሰሙም። ሹሩባ መሥራት ከጎረቤታችን ከእማማ ትብለጥ ተማሩ። ጠዋት ጠዋት በጉልበታቸው መካከል አስቀምጠው ሲጎነጉኑኝ፣ መስመሩ አንዱ ወደ ጆሮዬ፣ አንዱ ወደ ግንባሬ ይሄዳል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጓደኞቻቸው አይተው ቢስቁ፣ «ምን ያስቃችኋል? እርሻዬም እንዲሁ ነው፤ ግን ያበቅላል» አሏቸው።

አመሻሽ ላይ፣ ጋዝ እንዳያልቅ ኩራዙ ዝቅ ይልና የወይራው ፍም ብቻ ፊታቸውን ያቀላዋል። የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ ተረት እሰማለሁ። በአማርኛ ይጀምሩና ልባቸው ሲሞቅ ወደ አገራችን ቋንቋ ወደ ኽምጣኛ ይሻገራሉ። አብልጬ የምወደው ጥርሱ ያለቀበትን ጅብ ነበር። ጅቡ ከመንጋዋ የጠፋች ግልገል ያገኛል፤ ልብላት አልብላት ሲል፣ ግልገሏ በርዷት ሆዱ ላይ ተለጥፋ ትተኛለች። ጅቡም እንዳትነቃበት ሳይነቃነቅ ያድራል።

«እና አልበላትም?» እላለሁ ሁልጊዜ።

«እግሩ ደንዝዞ ነበር ልጄ፤ ግን አልተነቃነቀም» ይሉኛል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ወደ አዲስ አበባ ልትወስደኝ ከቤሩት መጣች። በፎቶ የማውቃት ሴት በር ላይ ስትቆም ከአያቴ ጀርባ ተሸሸግኩ። እሷም አላስገደደችኝም፤ ሻንጣዋን ሳትከፍት መደብ ላይ ተቀመጠች። ሲመሽ እኔ እንደ ልማዴ የአያቴ ጭን ላይ ወጥቼ «ጅቡን ንገረኝ» አልኳቸው። ነገሩኝ። ሲጨርሱ ዞር ብል፣ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«አባቴ፣ ለእኛ እኮ አንድም ቀን ተረት ነግረውን አያውቁም» አለች።

አያቴ እሳቱን ቆሰቆሱ።

«እውነትሽን ነው። ያኔ ከበሬዎቼ ሌላ ያየሁት የለም። ማታ ስገባ ተኝታችሁ አገኛችኋለሁ፤ ካልተኛችሁም ትፈሩኛላችሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ይህችን ትተሽልኝ ስትሄጂ ሸክም መስሎኝ ነበር። ለካ እግዜር ያመለጠኝን ሲመልስልኝ ነው።» ከዚያ አጠገባቸው ያለውን በርጩማ ሳብ አደረጉላት። «ነይ፣ ወደ እሳቱ ቅረቢ።»

ተረቱንም ለእሷ ከመጀመሪያው ጀመሩት። እናቴ፣ ባሕር ተሻግራ የመጣች ትልቅ ሴት፣ አገጯን በጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ ልጅ አዳመጠች።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ የመሄዱ ነገር ቀረ። እናቴ ሰቆጣ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተች፤ እኔም እዚያው ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ክረምት ክረምት ደሃና ወጥተን ከአያቴ ጋር እንከርማለን። ስምንት ክረምት እንደዚያ ሆነን አሳለፍን፤ ከዚያ አረፉ።

ዛሬ ሰው ስለ እኔ ሲያወራ «ምስኪን፣ ሽማግሌ ነው ያሳደጋት» ሲል እሰማለሁ። ተረቶቹን አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። የማይረሳኝ የሚያስቸኩላቸው ነገር እንዳልነበረ ነው፤ አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ ስጠይቃቸው አሥር ጊዜ መመለሳቸው ነው። አጎቶቼና አክስቶቼ ያገኙት የአያቴን የጉልበት ዘመን ነው። እኔ የደረስኩባቸው ቁጣቸው ካለቀ በኋላ ነው፤ እናቴም፣ ትንሽ ብትዘገይም፣ ደርሳባቸዋለች። ተመስገን።