የፖታሲየም የመጨረሻዋ ኤሌክትሮን

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል በገባችበት ዓመት፣ ትክክል የነበረውን መልሷን በላጲስ አስጠፍቻታለሁ። ጥፋቴ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቁጭ ብዬ አልጽፈውም ነበር።

መርካቶ ውስጥ ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ልጄ ያኔ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በተክለ ሃይማኖት በኩል በእግሯ ትመጣና ከባንኮኒው ጀርባ የክር ካርቶን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። የሠራችውን ሁሉ ታሳየኛለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ይመስላታል።

አልጨረስኩም። ዘጠነኛን እንኳ ሳላጋምስ ነው ከወሎ የመጣሁት፤ አክስቴ ለሱቋ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ውሸቱ የተጀመረው ልጄን አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ የሄድኩ ዕለት ነው። መዝጋቢዋ የወላጅን የትምህርት ደረጃ ጮክ ብላ ትጠይቃለች። ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ "ዲግሪ" አለች። የኔ ተራ ሲደርስ "አሥራ ሁለት ጨርሻለሁ" አልኩ። ልጄ እጄን ይዛ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ካየሁ በኋላ እውነቱን መናገር አቃተኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የኬሚስትሪ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ከአንደኛው እስከ ሃያኛው ንጥረ ነገር ድረስ ኤሌክትሮኖቹን በየቦታቸው መደርደር ነው። መሃል ላይ ኒውክለስ የሚሉትን ታስቀምጥና ዙሪያውን ክብ በክብ ትስላለች። ክቦቹን ሼል ይሏቸዋል፤ ኤሌክትሮኖቹ የሚሰፍሩት እነሱ ላይ ነው። ከውስጥ ተጀምሮ ወደ ውጭ ይሞላል፤ የመጀመሪያው ሁለት፣ ሁለተኛው ስምንት ይይዛል። እያሳየች ስታስረዳኝ እውነትም ገባኝ፤ ወደድኩትም።

"እማዬ፣ እስቲ እዪልኝ።"

አየሁላት። አሥራ ዘጠነኛው፣ ፖታሲየም የሚባለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሁለት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ አንድ ብላ ጽፋለች።

"ሦስተኛው ሼል ስንት ነው የሚይዘው?" አልኳት።

መጽሐፉ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አሳየችኝ። "አሥራ ስምንት።"

"ታዲያ ስምንት ላይ ምን አስቆመሽ? ገና አሥር ቦታ አለው እኮ!"

"ቲቸር እንደዚያ ነው ያሠራን። ምክንያቱን ነግሮን ነበር፤ ረሳሁት።"

"ያልሞላ ነገር ትቶ ወደ ሌላ መሄድ የት አገር ነው ያለው? እኔ ይሄን ሁሉ ተምሬ ነው የጨረስኩት። በይ አጥፊው።"

ከሰንጠረዡ ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንቀጽ ነበር። ልጄ ጣቷን እሱ ላይ አድርጋ "እዚህ ጋ ስለሱ የሆነ ነገር ይላል መሰለኝ፤ አብረን እናንብበው" አለችኝ። እኔ ቁጥሩን እንጂ እንግሊዝኛውን ማንበብ አልችልም። መጽሐፉን ዘጋሁት። ልጄም አጠፋች። ፖታሲየምን ሁለት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ አለችው፤ ካልሲየምን ደግሞ ሁለት፣ ስምንት፣ አሥር።

ማክሰኞ ሁለቱም ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎባቸው ተመለሰ። ልጄ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። እኔ ግን "አስተማሪሽ ነው ያልገባው" ብዬ በማግስቱ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ፣ ወረቀቱን ይዤ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ።

የዕረፍት ሰዓት ነበር። መምህሩ ገና ወጣት ነው። ዋጋ አልቀንስም ከሚል ነጋዴ ጋር ስከራከር በማወጣው ድምፅ "የኬሚስትሪው አስተማሪ አንተ ነህ?" አልኩት። ተማሪዎች መሰብሰብ ጀመሩ።

"ይግቡ እናቴ" አለኝ። ክፍል ውስጥ አስገብቶኝ ጠመኔ አነሳና ክቦቹን ሰሌዳው ላይ ሳለ። "እርስዎ ያሰቡት ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው። ሦስተኛው ሼል አሥራ ስምንት መያዝ ይችላል፤ እውነት ነው። ቦታዎቹ ግን እኩል አይደሉም። ኤሌክትሮን የምትገባው ኃይሉ ዝቅ ወዳለው ቦታ ነው። ሦስተኛው ላይ ስምንት ከገቡ በኋላ የቀሩት አሥር ቦታዎች ኃይላቸው ከፍ ያለ ነው። የአራተኛው ሼል የመጀመሪያ ቦታ ከነሱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የፖታሲየም የመጨረሻዋ እዚያ ትገባለች፤ የካልሲየም ሁለቱም እንደዚሁ። የሦስተኛው ክፍት ቦታ መሞላት የሚጀምረው ከሃያ አንደኛው ንጥረ ነገር ጀምሮ ነው።"

"ማን አይቶት?" አልኩ፤ ላለመሸነፍ ያህል።

"በጠባዩ ይታወቃል። ሶዲየም ውጭኛው ሼሉ ላይ አንዲት ኤሌክትሮን ብቻ ነው ያለችው፤ ውሃ ሲነካው ይንጣጣል። ፖታሲየምም እንደዚያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ውጭ ላይ ዘጠኝ ቢኖሩት ኖሮ የሶዲየምን ጠባይ ከየት ያመጣል?"

ገባኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያ አንቀጽም ይህንኑ ሳይል አይቀርም ብዬ አሰብኩ።

በዚህ ብወጣ ጥሩ ነበር። መምህሩ ግን የልጄን ወረቀት ብርሃን ላይ አድርጎ ተመለከተው። "የሚገርመኝ መጀመሪያ በትክክል ነበር የጻፈችው። የጠፋው ይታያል። ማን አስቀየራት?"

ልጄ በሩ አጠገብ ከጓደኞቿ መሃል ቆማለች። ተማሪው ሁሉ አፌን ያያል። እሷን አየኋትና "እኔ እንጃ" አልኩ። "ራሷ ትሆናለች። ልጆች አይደሉ..."

መምህሩ ወደ እሷ ዞረ። "አንቺ ነሽ የቀየርሽው?"

"አዎ ቲቸር" አለች።

ከዚያ በኋላ ሱቅ መምጣቷን አልተወችም። ትመጣለች፣ ሰላም ትለኛለች፣ ዚፕ በየቀለሙ ትለይልኛለች። ደብተር ግን ከቦርሳዋ አይወጣም። ከሳምንት በላይ እንዲህ ከረምን። አንድ ዓርብ፣ ትምህርት ባልነበረበት ቀን፣ ጎረቤቶቼ ለጁምዓ ሄደው ተራው ጭር ሲል አጠገቤ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ከዘጠነኛ ማቋረጤን፣ ምዝገባ ላይ መዋሸቴን፣ አንቀጹን ማንበብ አለመቻሌን፣ ሁሉንም።

"ዘጠነኛ መሆንሽማ ምን ችግር አለው" አለች። "ቲቸር ሲጠይቅሽ ግን አየሽኝ። እያየሽኝ ነው ራሷ ትሆናለች ያልሽው።"

"ይቅር በይኝ።"

"እሺ" አለች። ይቅርታ ማድረጓ ይሁን ወሬውን መዝጋቷ አልለየሁም።

ሰኞ መምህሩን በር ላይ ጠብቄ፣ አሁን አንተ ማለቱን ትቼ በአንቱታ፣ "ያስጠፋኋት እኔ ነኝ" አልኩት።

"ገምቼ ነበር" አለኝ። "የልጆቹን ዓይን ፈርተው ነው ብዬ አለፍኩት። ለክፍሉ ብነግራቸው ይከፋዎታል?"

እውነቱን ለመናገር ከፍቶኛል። አይሆንም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ይንገሯቸው" አልኩ።

ከሰዓት ስትመጣ "ነገራቸው?" አልኳት።

"አዎ።"

"ሳቁ?"

"ትንሽ።"

"አንቺስ?"

ደንበኛ መጣና ልጄ ልታስተናግድ ተነሳች።

አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ኬሚስትሪም ጎበዝ ናት። የምታጠናው ከጓደኞቿ ጋር ቤተ መጻሕፍት ነው። ሰው ስለ ትምህርቴ ሲጠይቀኝ ያቋረጥኩበትን እናገራለሁ፤ እሱ ቀሎልኛል። ያን ቀን ልጄን እያየሁ በእሷ ማላከኬን ግን ለአባቷ እንኳ እስካሁን አልነገርኩትም። እሷም አልነገረችውም።